ለውሻ ማዘን ነውር ነውን?

ሰው የወደደውን ሲያጣ ማዘኑ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ነገር ግን የሞተው ውሻ የሆነ እንደ ሆነ፥ ኀዘንተኛው ከሚያጽናናው ይልቅ የሚስቅበት ይበዛል።

መከታ የተባለው ውሻችን 12 ዓመት ደጃችንን ጠብቆ በሞተ ጊዜ፥ አንድ ጎረቤቴ «የሚለቀስለት ሰው ሞልቶ ሳለ ለውሻ ታዝናለህን?» አለኝ። እኔም፦ «ፍቅር በጎተራ ያለ እህል አይደለም፤ ለአንዱ ቢሰፈር ለሌላው አይጎድልም» ብዬ መለስሁለት። መከታ ደመወዝ አልጠየቀኝም፤ ባገኘሁም ባጣሁም ጊዜ ጅራቱን የሚቆላልኝ እኩል ነበር። ከሰው ወዳጆቼ እንዲህ ያሉትን ብቆጥር ጣቶቼ ይተርፋሉ።

የውሻ ታማኝነት ተረት አይደለም። በጃፓን አገር ሃቺኮ የተባለ ውሻ ጌታው በ1917 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ፥ ራሱ እስከ ሞተበት እስከ 1927 ዓ.ም. ድረስ፥ ሺቡያ በተባለው የባቡር ጣቢያ እየተመላለሰ ሲጠብቀው ኖሯል። ሐውልቱም በዚያው ቆሞለታል። እንስሳ ለሰው ይህን ያህል ከታመነ፥ ሰው ለእንስሳ ጥቂት ቢያለቅስ ምን ነውር አለበት?

ወጣቶች ሆይ፥ የውሻ ዕድሜ ከሰው ዕድሜ ያጠረ ነውና፥ ቡችላ የተቀበለ ሰው ኀዘኑንም አብሮ ይቀበላል። ቀኑ ሲደርስ እንባችሁን አትደብቁ፤ ሬሳውንም ቅበሩት እንጂ በመንገድ ዳር አትጣሉት። ኀዘናችሁ ግን በእንባ ብቻ አይለቅ፤ በየመንገዱ በድንጋይ ለሚባረረው ውሻ በመራራትና ለወዳጅ በመታመን ይገለጥ። ታማኝ አገልጋይ ውለታው የሚከፈለው እርሱን በመምሰል ነውና።