እትዬ ላቦራቶሪ

በሠፈራችን ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ «ሲስተር» ነበረች፤ እሳቸው ግን «እትዬ ላቦራቶሪ» ነበሩ። ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው፣ የጉለሌ ሰው ግን እስካሁን «ፓስተር» እያለ በሚጠራው ግቢ ጡረታ እስኪወጡ ሠርተዋል። ዘንድሮ ሲያርፉ ልጃቸው «እማዬን ከልጅነትህ ታውቃታለህ፤ አንድ ነገር ጻፍላት» አለችኝ።

በቅርብ ያወቅኳቸው ውሻ ነክሶኝ ነው። ሠፈሩ ተሰብስቦ ገሚሱ ውሻውን ሊገድል ድንጋይ ያነሳል፣ ገሚሱ ባቴ ላይ ምን ይደረግበት እያለ ይከራከራል። እትዬ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረሱ። ጎትተው ቧንቧ ሥር አስቀመጡኝና ቁስሉን በሳሙና ያጥቡት ጀመር። እኔ እጮሃለሁ፤ እሳቸው «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ሩብ ሰዓት ነው» ይላሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ውሻውን እንዳትነኩት! እሰሩትና 10 ቀን ጠብቁት፤ የታመመ ከሆነ እስከዚያ ይለይለታል» አሉ። በማግስቱ እጄን ይዘው ፓስተር ወሰዱኝ።

የያኔው የእብድ ውሻ ክትባት እዚያው ግቢ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። እንደ ዛሬው ክንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ተወግቶ አይገላገሉትም፤ 14 ቀን በተከታታይ ሆድ ላይ ነው የሚወጋው። የእኔስ ቤት ቅርብ ነው። ከሰላሌ ወይም ከመንዝ ልጁን አዝሎ የመጣ ገበሬ ሁለት ሳምንት ሙሉ የት ይደር? መልሱን ያገኘሁት አንድ ቀን እትዬ ቤት ስላክ ነው። አብሮኝ ወረፋ የሚይዝ ልጅ ከእናቱ ጋር ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ባለቤታቸው «ቤቱን ዋርድ አደረገችው» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ማታ ግን ለእንግዶቹ የእግር ውሃ የሚያሞቁት ራሳቸው ነበሩ።

ሃይስኩል ስገባ ባዮሎጂ እንደምወድ ሰምተው ማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። ያኔ የሚሠሩት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነበር። ለማስተማሪያ በተቀመጠ ስላይድ፣ ሰማያዊ መደብ ላይ፣ እንደ ተቆረጠ ቀይ ክር ጣል ጣል ያሉ ባክቴሪያዎች አየሁ። «ሰዉን የሚጨርሰው ይሄ ነው» አሉኝ።

«ካላገኙትስ?» አልኳቸው።

«ስላይዱን እያንቀሳቀስኩ 100 ቦታ አያለሁ። ከዚያ በፊት የለም አልልም። ዓይኔ ስለደከመው የለም ካልኩ፣ ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ያስይዛል።»

ለእኔ እትዬ ማለት ይህች መልስ ናት። ደጃቸው ላይ የኔ ቢጤ ሲቆምም እንደዚያው ናቸው። ደሞዝ ባለቀበት የወር መጨረሻ እንኳ መሶቡን ሳይከፍቱ፣ ማጀቱን ሳያዩ፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ሲሸኙ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ሰው ሲታማም «አንተ የት አየህ?» ብለው ወሬውን ያቋርጡታል።

ጾም አያስቀሩም፤ የወሩ 21 ቀን የጽዋ ማኅበራቸው አይታጎልም። ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ዝናቡ ቢወርድም ለነዳያን የሚሆን ዳቦ አስይዘውን ይወጣሉ። እንጦጦ ወጥተውም ይጠመቁ ነበር። ታዲያ ቦርሳቸው ውስጥ ከጸሎት መጽሐፋቸው ጎን የአክታ መያዣ ዕቃ አይጠፋም። የሚያስለው ሰው ጸበል ሊሄድ ነው ሲባሉ፣ «ጸበሉን ጠጣ፤ ጠዋት ስትነሳ የምትተፋውን ግን ለእኔ አምጣልኝ» ይላሉ። እግዚአብሔርን ትፈታተናለች ብለው የወቀሷቸው ሰዎች ነበሩ። «እኔ አክታ ነው የመረመርኩት፤ እግዚአብሔርን መቼ ፈተንኩት?» ብለው ይስቃሉ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ የወቀሷቸው ሁሉ ዞረው እትዬን አዩ። እሳቸው «ተመስገን» ብለው ቡና ማፍላታቸውን ቀጠሉ።

ብዙ የተማሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ብዙ የሚጸልዩም አይቻለሁ። ሁለቱን ሳያጣሉ፣ በሁለቱም ሰው ሲያገለግሉ ያየኋቸው ግን እትዬን ነው። እሳቸውን ማሰብ የሚፈልግ ሰው ከቤቱ ይጀምር። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው አጠገባችሁ ካለ ጸበሉን አትከልክሉት፤ አክታውን ለማስመርመር ግን ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ።