የጂንካው ሙዚየም፦ ዕቃው ከባለቤቱ ቃል ጋር

የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ከጂንካ ከተማ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ይገኛል። ከሥሩ ከተማዋ ተዘርግታ ትታያለች፤ በአጠገቧ የሚፈሰው የነሪ ወንዝም ወደ ማጎ ቆላ ወርዶ ውኃውን ለኦሞ ወንዝ ይገብራል። የሙዚየሙ ዕቃዎች የተሰበሰቡት ከኮረብታው ሥር ከሚጀምረው ከዚሁ አገር ነው። ስለዚህ የጂንካ ጎብኚ በብዙ ሙዚየሞች የማያገኘው ዕድል አለው። ጠዋት በክፍሉ ውስጥ ያየው አምባር፣ ቅልና የቆዳ ልብስ ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ በሰው ክንድና ትከሻ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ማዕከሉ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በምሥረታው ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሳው ጀርመናዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢቮ ሽትሬከር ናቸው። እሳቸውና የሥራም የኑሮም አጋራቸው ጂን ላይዳል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በሐመር መንደር እየኖሩ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር ካሳተሟቸው ሦስት ቅጾች ሁለተኛው፣ ባልዳምቤ የሚባሉ የሐመር ሰው ስለ ሕዝባቸው አኗኗር የተናገሩትን የያዘ ነው። ተመራማሪዎቹ ጠያቂና ጸሐፊ ሆኑ፤ አስረጂው የባህሉ ባለቤት ሆነ። ሙዚየምም ከዚህ የተሻለ መመሪያ አያገኝም።

በአካባቢው አሥራ ስድስት ብሔረሰቦች እንደሚኖሩ ይነገራል። ከእነዚህ መካከል አሪ፣ ማሌ፣ ዲሜ፣ ሐመር፣ በና፣ ካራ፣ ፀማይ፣ አርቦሬ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ቦዲና ሙርሲ ይገኙበታል። ቋንቋዎቻቸው ከኦሞአዊ፣ ከኩሻዊና ከናይሎ ሰሃራዊ ቤተሰብ የሚመዘዙ ናቸው። በቋንቋ የማይግባቡ ጎረቤታሞች እንኳን አንዱ የሌላውን ጌጥ አይቶ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ከዕቃዎቹ በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ቦርኮቶ ነው። ቦርኮቶ ከአንድ ወጥ እንጨት የተፈለፈለ ትንሽ መቀመጫ ሲሆን የወንድ ዕቃ ነው። አርብቶ አደሩ በእጁ ይዞት ይዞራል፤ ቀን ይቀመጥበታል፣ ሲጋደም ይንተራሰዋል። ትራስነቱ ምክንያት አለው። ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ የገደለ ሰው ጠጉሩን በጭቃ አስይዞ ቀለም ይቀባል፤ የሰጎን ላባ ይሰካበታል። ያ የጀግንነት ምልክት መሬት ነክቶ እንዳይፈርስ ቦርኮቶው ራሱን ከፍ አድርጎ ይይዝለታል።

የሐመር ሴት ልብስ የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ተፍቆና ለስልሶ በዶቃና በዛጎል ይጌጣል። ጠጉሯ በቅቤና በቀይ አፈር ተለውሶ በቀጫጭን ይገመዳል። ያገባች ሴት በአንገቷ የብረት ቀለበቶች ታጠልቃለች፤ የመጀመሪያ ሚስት የሆነችው ደግሞ ከቆዳና ከብረት የተሠራ፣ ከፊት ለፊቱ ጉጥ ያለው ማሰሪያ ትጨምራለች። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ከሩቅ አይቶ በቤቷ ያላትን ቦታ ይረዳል።

ከሁሉ ይልቅ የውጭ ሰው ዓይን የሚያርፈው በሙርሲ ሴቶች የከንፈር ሸክላ ላይ ነው። ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ እናቷ ወይም ሌላ ሴት የታች ከንፈሯን ትበሳላታለች፤ ቁስሉ እስኪድን የእንጨት ውታፍ ይገባበታል፤ ከዚያም ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይሰፋል። ሸክላው በእሳት የተጠበሰ ጭቃ ነው። ሴቲቱ ለባሏ ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብና በጭፈራ ላይ ታደርገዋለች፤ ለአዋቂ ሴትነቷና ለክብሯም ምልክት ነው። ልማዱ የባሪያ ነጋዴዎችን ለማሸሽ የተፈጠረ ነው የሚለው ወሬ በሰፊው ቢነገርም፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምረው ሙርሲን ያጠኑት ዴቪድ ተርተን ማስረጃ የሌለው መሆኑን ገልጸዋል። እንዲህ ያለው ወሬ የሚሰራጨው ሸክላው ከባለቤቲቱ ቃል ተነጥሎ ሲታይ ነው።

ሙዚየም ሊያኖረው የማይችል ጥበብም አለ። በኦሞ ዳርቻ የሚኖሩት ካራዎች ለጭፈራ ሲዘጋጁ ገላቸውን በነጭ አፈር፣ በቀይ አፈር፣ በከሰልና በቢጫ ድንጋይ ዱቄት ይሥላሉ። ነጠብጣቡና መስመሩ ከሥዕል ቤት ሥራ አያንስም፤ ግን ላብ ያጥበዋል፤ ነገ ሌላ ይሣላል። ይህን የሚያቆየው ፎቶግራፍና ፊልም ነው። ሽትሬከርና ላይዳል ስለ ሐመር የሠሯቸው ፊልሞች ለዚህ ይጠቅማሉ፤ በፊልም ውስጥ ጌጡ ይራመዳል፣ ባለቤቱም ይናገራል።

የሠሪን ስም በመመዝገብ ረገድ ከአዲስ አበባ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው። አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወዲህ፣ በዋና ከተማዋ በሚታይ ሥዕል አጠገብ የሠዓሊው ስም ይጻፋል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በፍየል ቆዳ ላይ ሲሠራ ሥራው በስሙ ታወቀ፤ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞችም ገባ። የሐመር ሴት ቆዳ ፍቃ፣ ዶቃ መርጣና ቀለም አስማምታ የሠራችው ግን ብዙ ጊዜ በብሔረሰቧ ስም ብቻ ይመዘገባል። በአሪ አገር ያለው ችግር ከዚህም ይከብዳል። ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው እንስራና ድስት የሚያበጁት ሴቶችና ብረት የሚቀጠቅጡት ወንዶች ማና ተብለው ከገበሬው ተለይተዋል፤ በጋብቻም አይቀላቀሏቸውም ነበር። ድስቱ በየቤቱ ምድጃ ላይ ተጥዶ ሠሪዋ ተንቃ መኖሯ በአሪ ብቻ የቀረ በደል አይደለም፤ በመላው ኢትዮጵያ በባለ እጆች ላይ ሲፈጸም የኖረ ነው። ሙዚየም የሠሪዋን ስም በሥራዋ አጠገብ ሲጽፍ ከዚህ በደል ጥቂቱን ይክሳል።

የጎብኚው አመለካከትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሙርሲና በካራ መንደሮች መኪና ሲቆም ቱሪስቱ ካሜራውን ያወጣል፤ መንደርተኛው ተሰልፎ ለእያንዳንዱ ፎቶ ይከፈለዋል፤ ሁለቱም ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አስቀድሞ ሙዚየሙን ያየ እንግዳ ግን የቦርኮቶውን አገልግሎትና የአንገት ብረቱን ትርጉም ይዞ ስለሚሄድ፣ ከፎቶው በፊት ሰላምታና ጥያቄ ይኖረዋል።

ኑሮው ደግሞ ባለበት አልቆመም። የዳሰነች ሰዎች ከጠርሙስ ቆርኪ የራስ ጌጥ ይሠራሉ፤ ከፋብሪካ የወጣ ቁራጭ በእጃቸው ጥበብ ይሆናል። ሴቶች ውኃ የሚቀዱበትን ቅል ጀሪካን እየተካው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የኦሞን ዓመታዊ ሙላት ስለለወጠው፣ ሙላቱ ሲጎድል በዳርቻው ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ሕዝቦች ኑሮ ተናግቷል። ኑሮው ሲለወጥ ዕቃው ይቀየራል፤ ዕቃውን የሚያብራራው ቃልም ከሽማግሌዎቹ ጋር ያልፋል።

በመሆኑም የጂንካው ሙዚየም ሥራ በመሰብሰብ አያበቃም። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ማን እንደሠራው፣ በየትኛው መንደርና ዘመን እንደተሠራ፣ ባለቤቱም ስለ እሱ ምን እንዳለ በራሱ ቋንቋ ሊቀዳና ሊጻፍ ይገባል። የሐመር፣ የአሪና የሙርሲ ወጣቶች ይህን ሥራ ተረክበው የእናቶቻቸውን ቃል ቢመዘግቡ፣ የራሳቸውንም የአዲስ ዘመን ሥራ ከጎኑ ቢያኖሩ፣ ሙዚየሙ ለእንግዳ ማሳያ ከመሆን አልፎ የአካባቢው ሕዝቦች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ቤት ይሆናል።