የአሸዋ ድመትና ጭልፊት በዓራባ



ከዓመታት በፊት፣ ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከከተማችን አዛውንት እናቶችና አባቶች ጋር ለቲዩል ወደ ዓራባ ወርደን ነበር። የደረስንበት ቦታ ሐይ ባር ዮትቫታ ይባላል። ከኤላት በስተሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1968 የተቋቋመ፣ የበረሃ አራዊት የሚጠበቁበትና የሚዋለዱበት ስፍራ ነው።

ከአውቶቡሱ እንደወረድን አንድ አባት ቀና ብለው አዩና «ጭልፊት!» አሉ። በመንገዱ ሁሉ ቃል አልተነፈሱም ነበር። እውነትም በዕብራይስጥ «ዳያ» የሚባሉት ጭልፊቶች ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ሰሜን ያልፋሉ። በአገር ቤት ከእጃችን ሥጋ ሲነጥቀን የኖረ አሞራ ማን ይረሳዋል!

«ከኛ አገር ይሆን የመጡት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ከእነርሱ መካከል የብርዱን ወራት በአፍሪካ የሚያሳልፉ አሉ፤ በጸደይ በእስራኤል ሰማይ አድርገው ወደ አውሮፓና ወደ እስያ ይመለሳሉ። በሰሜን ነጌቭ የሚከርሙም ብዙ ናቸው። ጭልፊት አይጥም፣ የሞተ እንስሳም፣ ከቆሻሻ መጣያ ያገኘውንም ይበላል። ስለዚህ የትም ይኖራል።

ቀጥለን የአሸዋ ድመት አየን። በዕብራይስጥ «ሐቱል ሖሎት» ትባላለች። ክብደቷ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ነው፤ ቀለሟም አሸዋ ይመስላል። ከመዳፏ ሥር ጠጉር ስላላት የጋለው አሸዋ አያቃጥላትም። በትላልቅ ጆሮዎቿ ከአሸዋ በታች የሚንቀሳቀሰውን የበረሃ አይጥ ትሰማለች። ቀን ጉድጓዷ ውስጥ ትተኛለች፣ ሌሊት ታድናለች። ውሃ ባይኖርም ከምትበላው ሥጋ ታገኘዋለች።

ይህ ሁሉ ብልሃት የሚጠቅማት ግን አሸዋው ካለ ነው። የዓራባ አሸዋ ደግሞ በእርሻና በቁፋሮ እየሳሳ ሄዷል። እዚያው አቅራቢያ በሳማር ኪቡጽ አጠገብ ያለው አሸዋ ለግንባታ ይወሰድ ሲባል በ2011 እና በ2012 ብዙ ሰዎች ተቃውመው ነበር። ዛሬ ይህችን ድመት በእስራኤል ዱር ውስጥ አየሁ የሚል ሰው ማግኘት ይቸግራል።

እኒያ አባት ድመቷን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ጭልፊቱስ መንገዱን ያውቃል። ይቺ አሸዋዋን ከወሰዱባት ወዴት ትሂድ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ዓራባ የምትወርዱ ከሆነ በፋሲካ ሰሞን ውረዱ። ቀና ብላችሁ ጭልፊቱን እዩ፤ ስሙንም ለልጆቻችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። አሸዋው ላይ ግን መኪና አትንዱ፤ ከሥሩ የአንዱ ፍጥረት ቤት ሊኖር ይችላል።