ጉልበት ሲከዳ



በቋንቋችን ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል። አንዱ በጭንና በቅልጥም መካከል ያለው መታጠፊያ ነው፤ ሌላው ኃይል ነው። ወጣት ሳለን ይህን ልብ ብለነው አናውቅም። ሃምሳን ካለፍን በኋላ ግን የመጀመሪያው ሲታመም ሁለተኛውም ተከትሎት እንደሚሄድ በገዛ አካላችን አየነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በልጃችን ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ጁዶ መማር እንደምትፈልግ ነገረችን። ማታ ብቻዋን እንዳትመለስ ብለን እየሸኘናት፣ ልምምዱ እስኪያልቅ ግድግዳ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠን እንጠብቃት ነበር። አንድ ምሽት ወጣቱ አሰልጣኝ ጠጋ ብሎ፣ «ፓስተር፣ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ለምን አይገቡም?» አለን። ሳቅን። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ጫማችንን አውልቀን ምንጣፉ ላይ ወጣን። ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመታችን ነበር።

ጁዶን ጂጎሮ ካኖ የተባለ ጃፓናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ የጀመረው የትግል ስፖርት ነው። ውድድሩ ላይ ቡጢና እርግጫ የለም፤ ባላጋራን ይዞ መጣል፣ ከዚያም መሬት ላይ ጠፍሮ ማቆየት ነው። ከብት ስንጠብቅ ሜዳ ላይ ስንታገል ስላደግን ሙሉ በሙሉ እንግዳ አልሆነብንም። የገረመን ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተማርነው ሰው መጣልን ሳይሆን ራሳችን መውደቅን መሆኑ ነው። ኡኬሚ ይሉታል። አገጭን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ ምንጣፉን በክንድ መትቶ፣ አንገትንና ጭንቅላትን ሳይጎዱ መውደቅ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ እንዴት እንደሚቆም ብዙ ተምረናል፤ እንዴት እንደሚወደቅ ያስተማረን ግን አልነበረም።

በሰባተኛው ወር አንድ ብርቱ ወጣት ገጠመን። እርሱ ሲዞር እኛም አብረን ዞርን፤ የቀኝ እግራችን መዳፍ ግን ምንጣፉ ላይ እንደ ተተከለ ቀረ። ሰውነታችን ዞረ፤ ጉልበታችን አልዞረም። ከውስጥ አንድ ነገር ቋ ሲል ሰማን። ወጣቱ ደንግጦ፣ «ፓስተር፣ ተጎዱ እንዴ?» ሲል ምንም እንዳልሆንን ነገርነው። ያም ውሸት ነበር። ማክሰኞ ያበጠውን ጉልበት በፋሻ ጠቅልለን፣ ከላይ ሰፊ ሱሪ ለብሰን ተመለስን። ለልጃችንም ለእናቷም አልነገርንም። በሁለተኛው ወር ደረጃ መውረድ አቃተን።

ጎረቤት ወጌሻ አመጣልን፤ ታሸን፤ እብጠቱ ባሰበት። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደን በኤም አር አይ ተነሣን። ሐኪሙ ሥዕሉን እያሳየ ነገሩን አብራራልን። በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መካከል ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ትራሶች አሉ። ክብደታችንን የሚያከፋፍሉት እነርሱ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ይሳሳሉ፤ እግር ተተክሎ ሰውነት ሲዞር ይቀደዳሉ። የውስጠኛው ጠርዛቸው ደም ስለማይደርሰው እንደ ሌላ ቁስል ቶሎ አይድንም። የእኛ ተቀድዶ ነበር። ለጊዜው ቀዶ ጥገና ሳይሆን ፊዚዮቴራፒ አዘዘልን፤ እንደ ድሮው እንደማይሆንም ሳይሸሽግ ነገረን።

ወገኖች፣ ከሕመሙ ይልቅ የከበደን ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ማታ የጸሎት ጊዜያችን ነው። ጸሎት ሲጀመር ጉባኤው ሁሉ ይንበረከካል። በመጀመሪያው ሳምንት ማይክ ይዘን ቆመን የምንመራ መሰልን። በሁለተኛውም እንዲሁ አደረግን። በሦስተኛው መቆሙም አቃተንና ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሁሉም ጎንበስ ባሉበት አዳራሽ ውስጥ ከፍ ብሎ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየን። ዓይናችንም በመስኮቱ አጠገብ ወዳለ አንድ ባዶ ወንበር ሄደ።

ያ ወንበር የአንዲት እናት ነበር። ከዓመታት በፊት እርሳቸውም እንዲሁ ይቀመጡ ነበር። አንድ ረቡዕ መድረክ ላይ ቆመን፣ ለሰው የሚታጠፍ ጉልበት ለፈጣሪው ካልታጠፈ ትዕቢት ነው ብለን በኃይል ሰበክን። ስም አልጠራንም። ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ ሳይንበረከክ የተቀመጠ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ እሑድ ይመጣሉ፤ ረቡዕ ግን ቀሩ። ለምን እንደ ቀሩ አንድም ቀን አልጠየቅንም።

ቅዳሜ ከልጃችን ጋር ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን። ይቅርታ ልንጠይቃቸው እንደ መጣን ስንናገር ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም እንዲህ አሉን፦ «ልጄ፣ ቂም አልያዝኩም። መንበርከኩንስ እንደ ምንም እንበረከክ ነበር። መነሣቱ ነው ያቃተኝ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ እኔ ብቻዬን መሬት ላይ ስቀር እንዳልታይ ብዬ ነው የቀረሁት።»

አንገታችንን ደፋን። እኛ ለሁለት ሳምንት ማይክ ይዘን የሸሸነውን ኀፍረት እርሳቸው ለዓመታት ተሸክመውት ኖሩ። የጫንንባቸውም እኛው ነበርን።

ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፣ «ለመሆኑ አንተን ምን አገኘህ?» አሉን። ስንታገል እንደ ተጎዳን ነገርናቸው። «በዚህ ዕድሜህ? ከማን ጋር?» አሉና እስኪያነቡ ሳቁ። ልጃችንም አብራቸው ሳቀች።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሳችንን በታመመ ጉልበት አነበብነው። ሐና ልጅ ስትለምን ቆማ ነበር የጸለየችው። ዳዊት የቤቱ ተስፋ ሲነገረው ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠ። ሕዝቅያስ በሞት አፋፍ አልጋው ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሙሴ እጁ ሲዝል ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ ሁለት ሰዎችም ግራና ቀኝ ደገፉት። መንበርከክ መልካም ነው፤ ዛሬም እንወደዋለን። ነገር ግን የሰማነውን ሁሉ በአንድ አኳኋን ብቻ እንዲሆን ያዘዘ ማን ነው? ይህን በኮሌጅ አንብበነው ነበር። ያኔ ግን ጉልበታችን ደህና ነበር።

ያዕቆብንም እንደገና አገኘነው። ያቦቅ ወንዝ ዳር እስኪነጋ ታገለ። በዚያ ሌሊት የጭኑ መጋጠሚያ ተነካና ከቦታው ወጣ። ብዙ ጊዜ ስለ ጽናቱ ሰብከናል፤ አንድ ነገር ግን አላየንም ነበር። ጁዶ የሞከረ ሰው እንደሚያውቀው የመጣል ኃይል የሚመነጨው ከእግርና ከዳሌ ነው። ዳሌው የተናጋ ሰው ማንንም መጣል አይችልም። የሚቀረው በእጁ አጥብቆ መያዝ ብቻ ነው። ያዕቆብም በረከቱን የለመነው ማሸነፍ ከማይችልበት ቦታ ሆኖ፣ ተጣብቆ በመያዝ ነው። ሲነጋም እያነከሰ ሄደ። በረከቱ ማንከሱን አላስቀረለትም።

ወደ ልምምዱ ተመልሰናል። ብዙዎች እንዴት እንደሆነ ስለሚጠይቁን ያደረግነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። አራት ወር ምንጣፉ ላይ አልወጣንም። በየቀኑ የጭናችንን የፊት ጡንቻ አጠነከርን፦ ጀርባን ግድግዳ ላይ ተደግፎ በከፊል መቀመጥ፣ ተጋድሞ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣት፣ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መንዳት። ጡንቻው ሲበረታ የመገጣጠሚያው ሸክም ይቀልላል። ክብደትም ቀነስን፤ አንድ ኪሎ ስንቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ ጫና እንደሚነሣ ሐኪሙ ነግሮን ነበር።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን እንሠራለን። በጉልበት ምንጣፉ ላይ ወድቆ የሚሠራውን አጣጣል ትተናል። ከፊት ለፊታችን ለሚቆመው ሁሉ ቀኝ ጉልበታችን እንደማይታመን ሳንጀምር እንነግረዋለን። ሰላምታው ተንበርክኮ ስለሆነ ሌሎቹ ሲንበረከኩ እኛ ቆመን እንሰግዳለን። እብጠት ሲታይ እናርፋለን። ጉልበታችሁ የሚያብጥ፣ የሚቆለፍ ወይም በድንገት የሚከዳችሁ ከሆነ ግን ሐኪም ሳታዩ አትቆዩ፤ እንደ እኛ ሁለት ወር በሰፊ ሱሪ አትሸፍኑት።

አንድ ታሪክም አሰልጣኛችን ነግሮናል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጃፓናዊው ያሱሂሮ ያማሺታ በሁለተኛ ግጥሚያው የቀኝ እግሩ ባት ተጎዳ። እያነከሰ ለፍጻሜ ደረሰ። የገጠመው ግብፃዊው መሐመድ ራሽዋን ነበር። ያማሺታ አሸነፈ። ራሽዋን የተጎዳውን እግር በማጥቃት ማሸነፍ እንዳልፈለገ ተናገረ፤ ስለ ስፖርታዊ ጨዋነቱም ተሸለመ። ሽልማቱን ሲቀበሉ ያማሺታን ደግፎ መድረኩ ላይ ያወጣው ያው ራሽዋን ነው። እኛ የሰውን ደካማ እግር ከመድረክ ላይ መትተናል። ይህ ታሪክ ሲነገር ዝም ብለን የሰማነው ለዚህ ነው።

በጁዶ መሸነፍህን የምትገልጸው ምንጣፉን ወይም ያነቀህን ሰው በእጅህ ሁለት ጊዜ መታ መታ በማድረግ ነው። ያን ጊዜ ያዢው ወዲያው ይለቅሃል። ማንም አይስቅብህም። ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ለመጋቢም እንዲሁ። ያመናል፣ አልቻልንም ማለት ጉባኤውን የሚያናጋ ይመስለናል። እኛ አልቻልንም ባልን ጊዜ ግን ጉባኤው አልተናጋም። በሚቀጥለው ረቡዕ አራት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀመጡ። ለካ እነርሱም ሲያማቸው ኖሯል።

ጉልበታችን አልዳነም። በክረምት ጠዋት ከአልጋ ስንወርድ አሁንም ግድግዳ እንይዛለን። እንዲፈወስ እንጸልያለን፤ መጸለያችንንም አንተውም። ረቡዕ ረቡዕ ግን በፊተኛው ረድፍ ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ የእኛ ነው። ሌላው ላይ እኚያ እናት አሉ፤ ጸሎቱ ሲያበቃም ክንዳችንን ይዘው ይነሣሉ፤ እኛም የእርሳቸውን።

በእናንተስ ጉባኤ በመስኮቱ አጠገብ ባዶ የቀረ ወንበር አለን? ሂዱና ጠይቁ።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።