ሙያ በልብ ብቻ?

እኛ አራት ነን፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ያደግነው ቦሌ መድኃኔዓለም፣ የተማርነውም እዚያው ሰፈር ነው። ዛሬ አምስት ኪሎ የንድፍ ሥራ ይዘን ስናመሽ አንዳችን ብድግ ብሎ "ያ ልጅ ግን የት ደረሰ?" ይላል። ሁላችንም ዝም። ዝምታው ስለከበደን ይኸው ልንጽፈው ወሰንን።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ክፍሉ ለሁለት ይከፈል ነበር። ለወንዶቹ መጋዝና መዶሻ፣ ለሴቶቹ ኪሮሽና ክር። መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነው። አንዷ ጓደኛችን "እኔም መጋዝ ልያዝ" ብትላቸው "ተይ ልጄ፣ እጅሽን ይቆርጥሻል" አሏት። እስቲ ልብ በሉ! በመስኮቱ ማዶ ፎቅ ይሠራ ነበር። ባሬላ ተሸክመው ኮንክሪት የሚያመላልሱት ሴቶች ናቸው። ለእነሱ እጅ ማን አዘነ? ሸክም ሲሆን ሴት ትችላለች፤ መሥራትና መንደፍ ሲሆን እጇ ይቆረጣል።

አንድ ቀን መምህሩ "ከቤት አንድ መሣሪያ አምጡና አሠራሩን አስረዱ" አሉ። ያ ልጅ ሽሮ ሜዳ ከሚሸምን አጎቱ ዘንድ መወርወሪያ ይዞ መጣ። ሸማኔው በእግሩ ሲረግጥ ግማሹ ድር ከፍ፣ ግማሹ ዝቅ እንደሚል፣ መወርወሪያዋም ማጉን ይዛ በመካከል ሽው እንደምትል በእጁ እያሳየ ነገረን። ዓይኑ ያበራ ነበር። ከኋላ አንዱ "የሸማኔ ልጅ!" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ አራታችንም።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ባለመስታወት ፎቅ ሥር ተቀምጠን እኛ ሳቅን። ልጁ መወርወሪያውን ቦርሳው ከተተ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ክፍለ ጊዜ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። "ሙያ በልብ ነው" ይባላል። የእሱን በልቡ ያስቀረነው ግን እኛ ነን።

ዩኒቨርሲቲ ገብተን ምን ብንማር ጥሩ ነው? ፈረንሳዊው ዣካር በ1804 እ.ኤ.አ. የሽመና መሣሪያን በቀዳዳ ካርድ እንዲመራ አደረገ፤ እንግሊዛዊው ባቤጅ ሐሳቡን ለስሌት መኪናው ተዋሰው፤ በኋላም ኮምፒውተሮች ለብዙ ዓመታት ትእዛዝ የተቀበሉት በቀዳዳ ካርድ ነበር። ቀዳዳ አለ ወይስ የለም? ድሩ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ? ያ ልጅ በሰባተኛ ክፍል ይህን ሊነግረን ነበር የቆመው።

ነገ ከመካከላችን የሚያስተምር ይኖራል። አደራ፣ መጋዙን ለሁሉም ስጡ፤ ኪሮሹንም እንዲሁ። ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ሙያ ሳይሸማቀቅ ያውጣው፤ ትምህርቱ ከዚያ ይጀምር።

አንተም ወንድማችን፣ ይህ ወረቀት እጅህ ከገባ ይቅር በለን። መወርወሪያዋን ይዘህ ና፤ ዛሬ የምንጠይቅህ ብዙ አለ።