በኪራይ ቤት ውስጥ ስለሚጠጣ ትንባሆ

ቀድሞ በአገራችን «ትንባሆ ጠጣ» ይባል ነበር። ዛሬ «ሲጋራ አጤሰ» ማለት ቢለመድም፥ የቀደመው አነጋገር አንድ ነገር ያስመረምራል። ጠላ የሚጠጣ ሰው ቢሰክር የሚሰክረው እርሱ ብቻ ነው፤ በአጠገቡ የተኛው ሕፃን በእርሱ ጠላ አይሰክርም። ትንባሆ የሚጠጣው ግን ከዋንጫው ለጎረቤቱም ያጠጣል፤ ጎረቤቱም ሳይወድና ሳያውቅ ይጠጣል። ቤት የሚያከራይ ሰው ከተከራዩ ጋራ በዚህ ነገር የሚጣላበት ምክንያት፥ ደኅና አድርጎ ቢመረመር፥ ሽታውን ከመጥላት ያለፈ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

በምኖርባት በደብረ ማርቆስ ከተማ፥ ከመኖሪያ ቤቴ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት አለኝ፤ አከራየዋለሁ። ኪራዩ ለልጆቼ ትምህርት የሚውል ስለ ሆነ፥ ተከራይ ወጥቶ ቤቱ ባዶውን በዋለ ቍጥር እጐዳለሁ። ቤቱ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ቤቶች የጭቃ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ ኮርኒሱም አቡጀዲ ነው። ሁለቱን ክፍል የሚለየው ግድግዳ እስከ ኮርኒሱ ይደርሳል እንጂ እስከ ቆርቆሮው አይደርስም። ስለዚህ በአንዱ ክፍል የተነሣው ጢስ በአቡጀዲው ስፌት ሾልኮ፥ በቆርቆሮው ሥር ተሻግሮ፥ በሌላው ክፍል ይወርዳል። ከተማችንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናትና፥ ማታ መስኮት የሚከፍት ሰው የለም። አከራይ ለሁለት ተከራይ ሁለት ቍልፍ ሊሰጥ ይችላል፤ አየሩን ግን ከፍሎ ሊቈልፍላቸው አይችልም።

ከሁለቱ ተከራዮች አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ትሑት ሰው ነው፤ ኪራዩንም ከቀኑ አሳልፎ አያውቅም። ከመንገድ ሲመለስ ግን በአልጋው ላይ ተቀምጦ ሁለት ሦስት ሲጋራ ሳይጠጣ አይተኛም። በማዶው ክፍል ባልና ሚስት ከአራት ወር ሕፃን ጋራ ይኖራሉ። አንድ ቀን ሴትየዋ መጥታ፥ «የኔታ፥ የጋሼ ሲጋራ በኮርኒሱ እየመጣ ልጁ ሲስል ያድራል። ካልተገኘለት መላ ቤቱን መልቀቃችን ነው» አለችኝ።

ሾፌሩን ጠርቼ ብነግረው፥ እርሱም በትሕትና እንዲህ ሲል መለሰልኝ፤ «የኔታ፥ በእርስዎ ቤት ጧትና ማታ ዕጣን ይጤሳል፤ ቡና ሲፈላ ከሰሉ፥ እንጀራ ሲጋገር እንጨቱ ይጤሳል። ያ ሁሉ ጢስ ሲወደድ የእኔ ብቻ ለምን ይጠላል? ደግሞስ የከፈልሁበት ክፍል አይደለምን?»

ይህ ቃል በቍጣ የሚታለፍ አይደለም፤ በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ለጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቢቈጣ ያፍራልና። ስለ ፊተኛው ነገር እንዲህ አልሁት። «ልጄ፥ ለሕፃን ሳንባ ጢስ ሁሉ ጢስ ነው፤ በተዘጋ ቤት የነደደ ከሰልማ ሰው ይገድላል። በዚህ ግቢ ምጣዱና ምድጃው ከመኝታ ርቆ በማድቤት መሆኑ፥ ዕጣኑም በር ተከፍቶ መጤሱ ስለዚህ ነው። የአንተ ጢስ ግን ከተኛው ሕፃን በላይ ይሻገራል፤ የራሱም መርዝ አለበት።» በእውነትም ሐኪሞች በትንባሆ ጢስ ውስጥ ከ7,000 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ቅመሞችን ቈጥረዋል፤ ከእነዚህም 70 ያህሉ ነቀርሳ የሚያመጡ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም በ1998 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ የሌላ ሰው የትንባሆ ጢስ ጥቂቱም ቢሆን ከጕዳት ነጻ እንዳልሆነ፥ መስኮት መክፈትና ክፍል መለየትም ፈጽሞ እንደማያስቀረው ገልጧል። በሕፃናትም ላይ የሳንባ በሽታን፥ የጆሮ ሕመምን፥ አስምን፥ ድንገተኛ ሞትንም እንደሚያስከትል ጽፏል።

ለአከራይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጢሱ ከጠፋ በኋላ ዝቃጩ በግድግዳ፥ በመጋረጃና በፍራሽ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፥ በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ የተደረገ ምርመራ፥ ትንባሆ ጠጪዎች ከለቀቋቸው ቤቶች፥ ሁለት ወር ባዶ ከቈዩና ለአዲስ ተከራይ ከተሰናዱ በኋላም፥ ዝቃጩ እንዳልጠፋ አሳይቷል። ቀለም ቀብቶ ማከራየት የሚበቃ ለሚመስለው ይህ ይነገረው። በአልጋ ላይ የተረሳ ሲጋራ አቡጀዲ ባለበት ቤት የሚያደርገውን ግን ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን የሰሙ ወዳጆቼ «አስወጣው» አሉኝ። አንዱም ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን እንደ ከለከሉ፥ ትንባሆ የሚጠጣውን ከንፈሩን፥ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቈርጡ ነበር ተብሎ መጻፉን አስታወሰኝ። የከንፈር መቈረጥ ትንባሆን ከአገር አላጠፋም። የተባረረም ተከራይ ሲጋራውን ይዞ ሌላ ሕፃን ወዳለበት ቤት ይሄዳል። ይልቁንም ትንባሆ ሥጋን የሚያስገዛ ነገር ነውና፥ የዓመታት ልማድ በአንድ ማታ ምክር አይለቅም። ስለዚህ ወደ ደጅ ውጣ አልሁት እንጂ ከቤት ውጣ አላልሁትም። ኋለኛውን ጥያቄውንም በዚሁ መለስሁለት፤ «የከፈልህበት ክፍል የአንተ ነው፤ በቆርቆሮው ሥር የሚያልፈው አየር ግን በኪራይህ ውስጥ የለም።» ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ይህስ እውነት ነው» አለ።

የመንግሥት ሕግ በዚህ ላይ ምን ይረዳል ቢባል፥ አዋጅ ቍጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ትንባሆ እንዳይጤስ፥ 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። በአንድ ግቢ ውስጥ ያለውን የመኝታ ክፍል ግን ይበልጡን የሚገዛው ውልና ይሉኝታ ነው። የቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፥ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ታዟል። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን አፍሮ ያልተናገረ አከራይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጕረመርም ይኖራል። እኔ አሁን በምጽፈው ውል፥ ከኪራዩ ልክ ቀጥሎ፥ «በክፍሉ ውስጥ ትንባሆ አይጤስም፤ ከቤቱ 15 ርምጃ ርቆ ግን ይፈቀዳል» የሚል አንድ መስመር አገባለሁ፤ ተከራዩም ከመፈረሙ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ።

ሾፌሩ በጋውን በደጅ መጠጣት ለመደ። ክረምት ሲገባ ግን ከጠፈጠፉ ሥር ይቆም ጀመር፤ ጢሱም በበሩ ተመልሶ ይገባ ነበር። በአጥሩ ጥግ ትንሽ ዳስ አቆምን፤ ቆርቆሮውን እኔ ገዛሁ፥ ምሰሶውን እርሱ ከመንገድ አመጣ፤ አመዱን የሚያራግፍበትንም ጣሳ ራሱ አኖረ። ሴትየዋ ቤቱን አለቀቀችም። ሕፃኑ አሁንም አልፎ አልፎ ይስላል፤ በአቡጀዲው የሰነበተው ጢስ ይሁን የደጋው ብርድ፥ ሐኪሙም አልለየውም። አቡጀዲውን አውልቆ በአዲስ እንዲለውጠው ከአናጢው ጋራ ለመጪው ሳምንት ተቀጣጥረናል።