ዘሩ ሌላ፥ ሙያው ሌላ

ያገራችን ሰው ጋብቻ ሲያስብ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል። ይህ ቈጠራ ዝምድናን ለማወቅ ይበጃል፤ የሙሽራውን ጠባይ ግን አይነግርም። ዛሬ በአፈር ውስጥ ስለሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ልጽፍ ስነሣ ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥራዬ ኮምቦልቻ፥ መኖሪያዬ ደሴ ነው። ባለፈው መስከረም በዕረፍት ቀን አጎቴን ልጠይቅ ወደ ኩታበር በወጣሁ ጊዜ፥ አንድ እግር ባቄላ ነቅዬ በሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች አሳየኋቸው። አንዱን በጥፍሬ ብሰነጥቀው ውስጡ ቀላ ያለ ነው። «በዚህ ውስጥ ሪዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ባቄላውን ይመግባሉ፤ እሱም ስኳር ይሰጣቸዋል። ሊቃውንት ዘራቸውን እየቈጠሩ ስም ያወጡላቸዋል» አልኋቸው። አጎቴም ፈገግ ብለው፥ «ስሙ ለባቄላዬ ምን ይጨምርለታል?» አሉኝ። ጥያቄው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በምመላለስበት ጠመዝማዛ መንገድ ብዙ ቀን አብሮኝ ተጓዘ።

ሪዞቢየሞች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም በትር መሰል ናቸው፤ በመልክ ዘመዱን ከባዕዱ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሊቃውንቱ በውስጣቸው የተጻፈውን ያነባሉ። ጂን በ4 ፊደላት፥ ፕሮቲን ደግሞ በ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተጻፈ ነው። የሁለት ባክቴሪያዎችን ጽሑፍ ጐን ለጐን ሲያስተያዩት፥ ልዩነቱ ባነሰ መጠን ዝምድናው ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1977 ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ የሪቦሶምን አር ኤን ኤ በማስተያየት የሕያዋንን የዘር ሐረግ እንደ አዲስ ሣሉ። ፕሮቲን ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ለሩቅ ዘመድ ይበጃል፤ ለቅርብ ወንድማማቾች ግን ብዙ ጂኖችን ማንበብ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2017 አረጉ አምሳሉ አሰርሴና ሌሎች ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ከቦሎቄ ሥር የተገኙ 6 ሪዞቢየሞችን መርምረው፥ ከሚታወቁት የተለዩ በመሆናቸው ሪዞቢየም ኤትዮፒኩም ብለው ሰየሟቸው። የአንዱ ጽሑፍ ብቻ ከ6.5 ሚሊዮን ፊደል ያልፋል።

ዳሩ ግን የሰባት ቤቱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ሪዞቢየም ሌጉሚኖሳሩም ተብለው በአንድ ስም ከሚጠሩት ውስጥ አንዱ ከባቄላና ከአተር፥ ወንድሙ ከማገጥ ጋር ይኖራል። ምክንያቱም ወደ ሥር የሚያስገቡት ጂኖች ከዋናው ክሮሞሶም ውጭ በፕላስሚድ ላይ ስላሉ፥ ሙያ ከጎረቤት እንደሚቀሰም ሁሉ ካንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ስለዚህ ዘር በአንዱ ጂን ይቈጠራል፤ ሙያ በሌላው ይታወቃል፤ ጉብዝና ግን ያለ ፈተና አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ከወሎ የባቄላ ማሳዎች የተገኙ ሪዞቢየሞች ኮምጣጣ አፈርና ጨው ምን ያህል እንደሚችሉ የመረመረውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለአጎቴ የምመልሰው ይህን ነው፦ ስም ለባቄላው አንድ ፍሬ አይጨምርለትም። ነገር ግን ተፈትኖ ጎበዝነቱ የታወቀው ባክቴሪያ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋ፥ በዘር ላይ ተለውሶ ለገበሬው ሲደርስም ያው ራሱ መሆኑ እንዲረጋገጥ ስም ያስፈልጋል።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ዘር የሚቈጠረው ከየት እንደመጡ ለማወቅ እንጂ በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። የወሎ ገበሬ ይህን ያለ ማይክሮስኮፕም ያውቀዋል።